ካሜራሽን ክፈቺ ያልኳት እህት

አገር ቤት ሚኒባስ ታክሲ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጽሑፍ ሳይ እስቅ ነበር። ደግሞ ምቀኛ ተለምኖ ይገኛል እንዴ እል ነበር። የሻርጃዋን እህት ግን እግዚአብሔር ምቀኛ አላሳጣትም፤ እኔን ሰጣት። ይህን የምጽፈው ሳላፍር አይደለም። ግን ቅናቴን ደብቄ ከማወራው ጭራሹን ባላወራው ይሻላል።

የኮሮናው ዓመት ነበር። ዱባይ አል ሪጋ አንድ ሽቶ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፤ የማድረው ግን አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ነው። አንድ ክፍል ለአምስት ሴቶች ተከፍሎ እኔ የአንድ አልጋ ባለቤት ነኝ። ቤድ ስፔስ ይባላል። ቤት ተከራየሁ አይባልም፣ አልጋ ተከራየሁ ነው የሚባለው። ድሮ የሥራ ፈረቃችን ስለሚለያይ አምስታችን አንድ ላይ ነቅተን ተያይተን አናውቅም ነበር። ሱቆች ሲዘጉ ግን አንድ ቀን ጠዋት ሁላችንም ቤት ቀረን፤ ያኔ ነው ክፍሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የገባን።

ቤተ ክርስቲያናችንም ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያን ስል ሕንፃ እንዳይመስላችሁ፤ ጴንጤዎች ነን፣ ዓርብ ዓርብ በሰዓት የምንከራየው አዳራሽ ነበረን። ከእኛ በፊት ፊሊፒኖዎች ይወጣሉ፣ ከእኛ በኋላ ሕንዶች ይገባሉ። አዳራሹ ሲዘጋ አምልኮው ወደ ስልክ ገባ። «እሷ ኮምፒውተር ታውቃለች» ተባለና የኦንላይኑን ስብሰባ የምከፍተው፣ ሰው የማስገባው፣ የሚንጫጫውን ድምፅ የምዘጋው እኔ ሆንኩ።

ስለራሴ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሴት ተማሪዎች ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። ፌሚኒስት ነኝ ብዬ በአደባባይ እናገራለሁ። በኅብረታችን ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ የሚያወጣ ሌላ ሰው የለም። ግማሹ «ወንድ የማትወድ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ የቀረው «ባል ያጣች» ይለዋል። ይበሉ! እኔ ከሽማግሌዎቻችን ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጉዳይ ተሟግቻለሁ። ሴት መዝሙር ትመራለች፣ ትጸልያለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ ሻይ ታፈላለች፤ የዓርቡን ዋና ስብከት ግን ሰብካ አታውቅም። ለምን ስላቸው «ገና ነው እህታችን፣ ጊዜው ይመጣል» ይሉኛል። እንግዲህ ጊዜው ሲመጣ የመጀመሪያዋ ሴት ማን እንደምትሆን ለአንድ ደቂቃም ተጠራጥሬ አላውቅም። ስብከቱ ራሱ ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ስልኬ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ረቡዕ ከሰዓት የእህቶችን ጥናት የምመራው እኔ ነበርኩ። አንድ ረቡዕ የማላውቀው ቁጥር ልግባ ብሎ ጠየቀ፣ አስገባሁት። ካሜራው ዝግ ነው። ከጀርባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲዞር ይሰማል። «ሰላም ለእናንተ ይሁን እህቶቼ» አለች። የሆሳዕና ሰው አማርኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አሳርፋ የምታስቀምጥ። ሻርጃ አንድ የአረብ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። በሰባት ዓመት አንድ ዓርብ እንኳ አዳራሻችንን ረግጣ አታውቅም፤ ስለኛ የሰማችው ከጎረቤት ቤት ሠራተኛ ነው። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስልክ ውስጥ ሲገባ መንገዱ አጠረላት። እኛ ሁላችን ስንታሰር እሷ ወጣች ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ዕረፍት ቀን የሌላት ሠራተኛ ሳገኝ ሁሌ የማስተምራት ትምህርት አለኝ። እሱኑ ጀመርኩ።

«እህቴ፣ የዕረፍት ቀን መብትሽ ነው። አሠሪሽን፣ ማዳምን፣ ፊት ለፊት ጠይቂያት» አልኳት።

«ብጠይቃት ትሰጠኝ ይሆናል። ግን ወጥቼ የት እሄዳለሁ እህቴ? የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ይኸው አሁን እናንተን አወቅሁ።»

«እሱማ ነፃነት አይደለም እኮ!»

«ለኔ ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «አገሬ እያለሁ የምዘጋው በር አልነበረኝም። ከአባቴ ቤት ወደ ባሌ ቤት ስሄድ ማንም አልጠየቀኝም። ከባሌ ቤት ወደዚህ ስመጣ ግን የጠየቅሁት ራሴን ነው፤ ሂጂ አልኳት፣ መጣሁ። አሁን ደግሞ የማጠቢያ ክፍሌን በር ዘግቼ ከናንተ ጋር አወራለሁ። ከዚህ በፊት የት አግኝቼው?»

የእህቶች ልብ በስክሪኑ ላይ ተንጋጋ፤ ቀይ ልብ፣ ቀይ ልብ፣ የሚያለቅስ ፊት። እኔ ያን ጊዜ የት እንደተቀመጥኩ ታውቃላችሁ? የሕንፃው ደረጃ ላይ፣ ስምንተኛ ፎቅ። ክፍላችን ውስጥ አንዷ ተኝታ፣ አንዷ ከእጮኛዋ ጋር ስትጣላ፣ ማስተማሪያ ቦታ አጥቼ። ሊፍት ለመጠበቅ ሰው ብቅ ሲል ማስኬን አደርጋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ነፃ አውጪዋ ደረጃ ላይ፣ ነፃ የምትወጣዋ በሯን ዘግታ! ስለዚህ መጀመሪያ የቀናሁት በበሯ ነው። እውነቴን ነው፣ በበር ነው የቀናሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ረቡዕ ሲመጣ ገና «ሰላም» ከማለቴ «የሻርጃዋ እህት ገብታለች?» ይላሉ። እኔ በስላይድ፣ በቀለም፣ በነጥብ አዘጋጅቼ አስተምራለሁ፤ ስጨርስ «ተባረኪ» ይሉና ጥያቄያቸውን ለእሷ ይጠይቃሉ። አንዷ ስለ ባሏ፣ አንዷ እናት አገር ቤት ትታው ስለመጣችው ልጅ፣ አንዷ በጣም ስለ ተናደደችበት ነገር። እሷም ቶሎ አትመልስም። ማሽኑ ሲዞር እንሰማለን፤ ከዚያ አንድ ሁለት ነገር ትላለች፣ ሰው ያለቅሳል። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት! አንጀቴ እርር ድብን ይል ነበር።

አንድ ሁለት ጊዜ ድምፅዋን ዘጋሁባት። «ይቅርታ እህቴ፣ ኔትወርክሽ ይቆራረጣል» አልኳት። የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ድምፅዋ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነበር። እሷ ደግሞ «አስቸገርኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ጻፈች። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባለው ለካ እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደወልኩ። እናቴ በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ውስጥ ነበረች፤ ፈልጋ ሳይሆን መቅረት ስለማይቻል። ስለ እህቶች ጥናት፣ ስለዚች ምንም ሳትማር ሁሉን አውቃለሁ ስለምትል ሴት እያማረርኩ ነገርኳት። ሁሉን አውቃለሁ ብላ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

እናቴ ሰምታኝ ስትጨርስ «ቀናሽ እንዴ?» አለችኝ።

«እንዴ እማዬ! በምኗ ነው የምቀናው? የአረብ ቤት ሠራተኛ ናት እኮ።»

«በአፏ ነዋ። ስሚኝ ልጄ፣ በኛ ጊዜ አንዲት ሊቀመንበር ነበረችን። እሑድ እሑድ ሰብስባን ሴቶች ነቅታችኋል፣ ተናገሩ፣ ተናገሩ ትለናለች። ፈርተን ዝም ስንል አደንቁረው ያሳደጓቸው ብላ ታዝንልናለች። አንዷ ተነስታ ደህና ነገር የተናገረች ቀን ግን አለቀላት፤ ሁለተኛ ዕድል አይሰጣትም። እኩልነት ማለት በዚያ ዘመን እሷ ስትናገር እኛ እኩል ማጨብጨብ ነበር።»

«እኔን ከሷ ጋር ነው የምታመሳስዪኝ?»

«እኔ ምን አልኩ? ስለ ቀበሌ ነው ያወራሁት» አለችና ሳቀች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁባት፤ በናቴም ላይ ያንኑ ዘዴ ተጠቀምኩ።

ከዚያ በሳምንቱ ዋናው ሽማግሌያችን ደወሉልኝ። በሥራቸው ሾፌር ናቸው፤ ጨዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። «እህታችን፣ አንቺ ስትጠይቂን የነበረውን ነገር ጸልየንበታል» አሉኝ። «የሚመጣው ዓርብ ዋናውን ስብከት እህት እንድታመጣ ወስነናል።»

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ቆምኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን! እኔ ዝግጁ ነኝ ወንድሜ» ልል አፌን ከፈትኩ።

«የሻርጃዋ እህት ቃል ብታመጣልን ብለናል። ጸጋ አላት። አንቺ መቼም ያለ አንቺ አይሆንም፤ የቴክኒኩን ነገር ያዢልን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ምን ልበል? ሦስት ዓመት የጮኽኩት ሴት ትስበክ ብዬ እንጂ እኔ ልስበክ ብዬ አልነበረማ! በሩን ያንኳኳሁት እኔ፣ የገባችው እሷ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ፤ ከጎኔ ያለችው ልጅ አሞሽ ነው ወይ፣ ኮሮና እንዳይሆን ብላ ፍራሽዋን አራቀች። በክፍሉ ውስጥ የሆነ ሰው ስለኔ ቢጨነቅ ደስ ባለኝ፤ እሷ የተጨነቀችው ለራሷ ነበር።

ዓርብ መጣ። ከተለመደው በላይ ሰው ገባ። ወንዶቹ ሁሉ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ሾፌሮቹ፣ አል ቁዝ የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ስምንት ሆነው በአንድ ስልክ የሚያዩት ወንድሞች። ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ለብቻዋ መልእክት ጻፍኩላት። «እህቴ፣ ዛሬ ካሜራሽን ክፈቺ። በኅብረታችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሰባኪ ሆነሽ በጨለማ ውስጥ መናገር የለብሽም። ሴት ድምፅ ብቻ አይደለችም፣ ፊት አላት።»

አምሮብኛል፣ አይደል? ክበባችን ውስጥ ሳለን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው። ሰው የማጠቢያ ክፍሉን እንዲያይ ፈልጌ ነው። የተከመረውን ልብስ፣ የሠራተኛ ዩኒፎርሟን፣ በላብ የተጣበቀ ፊቷን እንዲያዩና ያ ድምፅ ትንሽ እንዲያንስ። ትደናገጥ ይሆናል፣ ቃል ይጠፋባት ይሆናል ብዬ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አረብ ቤት ውስጥ ካሜራ መክፈት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። የቤቱ ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ጸጉራቸውን አይሸፍኑም፤ እነሱን ማሳየት ነውር ብቻ አይደለም፣ ያገሩ ሕግም በዚህ አይቀልድም። ይህን የማውቀው ሰው ነግሮኝ አይደለም። ወደዚህ አገር ስመጣ በኤጀንሲ መጥቼ ዓመት ከስድስት ወር ቤት ሠርቻለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን የተነገረኝ ደንብ ይሄ ነው። ቤት መሥራቴን ለኅብረቱ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ዲግሪ ያላት ፌሚኒስት ሽንት ቤት ስታጥብ ነበር እንዴት ይባላል? እሷ ግን ገና ከገባችበት ቀን ጀምሮ «እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ» ብላ ትናገራለች። በዚህም ቀንቻለሁ።

«እሺ እህቴ» ብላ ጻፈችልኝ።

ካሜራው ተከፈተ። ፊቷን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሰፊ ግንባር፣ ነጭ ሻሽ፣ የተረጋጋ ዓይን። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ የልብሱን ክምር የት እንዳደረገችው እንጃ። አማረች! እኔ ስታንስ ልይ ብዬ ነው፣ እሷ ጭራሽ ገዘፈች።

የተናገረችው ስለ መጠራት ነው። «በዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ እጠራለሁ» አለች። «ማዳም ታጨበጭባለች። ልጆቹ ይጮኻሉ። ሽማግሌው አባቷ በከዘራ ወለሉን ይመታሉ። በድምፁ ብቻ ማን እንደጠራኝ አውቃለሁ፣ ሳልደርስም ምን እንደፈለገ አውቃለሁ። አገሬም እንደዚሁ ነው የተጠራሁት፤ ውኃ አምጪ፣ ልጁን ያዢ። ዕድሜዬን ሙሉ ምንም ሳይፈልግብኝ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር የጠራኝ ዕለት ግራ ገባኝ። ምን ልታዘዝ ብዬ ቆምኩ። ምንም አላዘዘኝም። እንዲያው ጠራኝ።»

ሽማግሌያችን መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ለሦስት ዓመት ያረምኩት ስብከት ውስጥ ከዚህ የሚደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። እያለቀስኩ ነበር፤ እያለቀስኩም ነደደኝ። ምነው ይህን ያለችው እኔ በሆንኩ!

ያኔ በሩ ሲከፈት ተሰማና አንዲት ልጅ ከኋላዋ ብቅ አለች። የማዳም ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ወጣት። ጸጉሯ እርጥብ፣ ትከሻዋ ላይ ተለቆ፣ ክንዷ ራቁት ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ልትጠይቅ ሳትመጣ አትቀርም። ስልኩን አየች። ስልኩ ውስጥ ራሷን አየች፣ በዙሪያዋ ደግሞ የወንዶች ፊት በትንንሽ ሳጥን። «ማማ!» ብላ ስትጮኽ ሁላችንም ሰማን። ስክሪኑ ጠቆረ።

እኔ እጄ ላይ የነበረውን አንድ ቁልፍ ተጭኜ የእሷን ካሜራ ማጥፋት እችል ነበር። ስክሪኑ እስኪጠቁር አራት አምስት ሰከንድ ነበረኝ። ድምፅዋን ለመዝጋት ፈጣን የሆነች እጄ ያን ቀን ደረቀች።

ከዚያ በኋላ ስልኳ ዝግ ሆነ። ቅዳሜ ዝግ፣ እሑድ ዝግ። «በጸሎት እንያዛት» ተባለ። ካሜራ ክፈቺ ያልኳት እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም። ሽማግሌው ደውለው «እህታችን፣ የሚመጣውን ዓርብ አንቺ ያዢልን» አሉኝ። ያዝኩ። ስብከቴን ከስልኬ አውጥቼ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ካሜራዬን ከፍቼ ሰበክሁ። ስለ ሴት እኩልነት፣ ስለ ዘመናት፣ በደንብ የተሠራ ንግግር ነው። ስጨርስ «ተባረኪ» የሚል ሁለት ሦስት መልእክት መጣ። ከሥሩ ወዲያው «እባካችሁ ለሻርጃዋ እህት ጸልዩ» የሚል ተጻፈ፣ በላዩ ላይ ቀይ ልብ ተንጋጋ። ከሌለች ሴት ጋር እየተፎካከርኩ ተሸነፍኩ። ኧረ እኔን የፈጠረ!

ማክሰኞ ጠዋት በእሷ ቁጥር ተደወለልኝ። አነሳሁት። ማዳም ናት።

«አረብኛ ትችያለሽ?» አለችኝ። ሱቅ ውስጥ የተማርኩት አረብኛ አለኝ፣ እችላለሁ አልኳት። «ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ከአንቺ ቁጥር መልእክት መጥቷል። ሠራተኛዬ ስልኩ በስህተት ተነክቶ ነው የተከፈተው ትላለች። አላመንኳትም። ምንድን ነው የጻፍሽላት?»

የሻርጃዋ እህት ስሜን አላወጣችም። የራሷ ጥፋት አድርጋው ተቀምጣለች። ይህን ስሰማ እንኳ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም። በደግነትም በለጠችኝ የሚል ነው የመጣብኝ።

«እኔ ነኝ ክፈቺ ያልኳት» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አስተማሪ ነኝ» አለችኝ ማዳም። «እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ልጄ መኪና ትነዳለች፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ተማሪዎቼ በስልክ ሲማሩ ካሜራ ክፈቱ ብዬ አላስገድዳቸውም፤ ጸጉሯን ማን እንደሚያይ የምትወስነው ልጅቷ ናት። ለዚህ መብት ነው የምኖረው። እናንተ ይህን ከልጄ ወሰዳችሁባት። ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሳለች።»

በክበባችን ውስጥ ስለ መታየት ብዙ ተምረናል፤ አለመታየት የሴት መብት ነው የሚል ሴት ግን ሰምቼ አላውቅም።

«አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች። «ወንዶች ነበሩ? ልጄ ወንድ አየሁ ትላለች፣ ደንግጣ ስለነበር እርግጠኛ አይደለችም። ወንድ ከነበረ ሠራተኛዬ እዚህ ቤት አታድርም፤ አውሮፕላን እንደተከፈተ አገሯ ትገባለች። ዋላሂ ብለሽ ማዪልኝ።»

እኛ ጴንጤዎች አንምልም። ሱቅ ውስጥ እንኳ ደንበኛ «ዋላሂ ይህ ሽቶ ኦሪጂናል ነው?» ሲለኝ «ነው» ብዬ ዝም ነበር የምለው፤ አለቃዬ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ብናገር ኃጢአት የለብኝም። አልማልኩም፣ አልዋሸሁም፣ እጄ ንጹሕ ነው። እሷ ደግሞ ትሄዳለች። ረቡዕ የኔ፣ ዓርብ የኔ። እውነት በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አምራኝ አታውቅም።

«ዋላሂ» አልኩ። «ሴቶች ብቻ ነበርን።»

«ኸላስ» አለች፣ በቃ ማለቷ ነው፤ ዘጋችው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መንፈሴ ተረበሸ፣ በውሸት ምያለሁ። ቢሆንም አንድ ደስታ ነበረኝ፣ አልደብቅም። ያጠፋኋትም እኔ፣ ያዳንኳትም እኔ። በመጨረሻ ከሷ የሚበልጥ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ስልኳን መለሱላት። ረቡዕ ከመድረሱ በፊት ለብቻዬ ደወለችልኝ። ማሽኑ ይዞራል። «እህቴ፣ ማዳም ነገረችኝ። ስለኔ ብለሽ ምለሻል» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ይቅርም ይበልሽ።»

ያኔ አላስቻለኝም። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ድምፅዋን የምዘጋው እኔ እንደነበርኩ፣ ቤት ሠርቼ እንደማውቅ፣ ካሜራ ክልክል መሆኑን እያወቅሁ እንደጻፍኩላት። «ቀንቼብሽ ነው» አልኳት። «ተንኮሉ እንዳይገባሽ በሴት መብት ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። አንቺ ደግሞ አምነሽኝ ከፈትሽ። እንጀራሽን ላሳጣሽ ነበር። ይቅር በዪኝ።»

እያለቀስኩ ነበር፤ እሷም የምታለቅስ መስሎኝ ጠበቅኋት። አላለቀሰችም።

«እህቴ» አለች፣ «አንቺ አረብ ቤት ስንት ጊዜ ሠራሽ?»

«ዓመት ከስድስት ወር።»

«እኔ ሰባት ዓመት። ታዲያ አንቺ የምታውቂውን ደንብ እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው?»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«መልእክትሽ ሲደርሰኝ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻሼን ለውጬ ነበር። ልብሱን ሁሉ ከግድግዳው አንስቼ ነበር። ያን ቀን ልከፍተው ቆርጬ ነበር፤ አንቺ ባትጽፊም እከፍተው ነበር። ሰባት ዓመት ማንም ፊቴን አላየኝም፤ አንድ ቀን ሰው ይየኝ፣ ከዚያ ብባረርም ልባረር አልኩ። የማዳም ልጅ መግባቷ ነው የቆጨኝ፣ እሷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።» ማሽኑ ቆመ፤ ልብሱን እያወጣች መሰለኝ፣ እርጥብ ጨርቅ ሲጎተት ይሰማል። «ቅናቱ ያንቺ ነው፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ካሜራውን ግን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሱን አትውሰጂብኝ።»

እሺ አልኳት። ለሁለት ሳምንት አጎንብሼ የተሸከምኩት ጥፋት እንኳ የኔ አልነበረም። በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያን ሰዓት በማንም ቀንቼ አላውቅም።